የቤንዚን ሞተርን የእሳት ጊዜ በታይሚንግ መብራት ማስተካከል
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ መመሪያ

መግቢያ

የእርሻ ምርምር በራሪ ጽሑፍ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ እንጂ ስለ መኪና ሞተር መናገሩ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ምርጥ ዘር ከመጋዘን ወደ ማሳ የሚደርሰው፣ ማዳበሪያ ወደ ቀበሌ የሚጓዘው፣ የልማት ሠራተኛውም ከገበሬው ደጃፍ የሚገኘው በአብዛኛው በሞተር ኃይል ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ ለአንድ ሳምንት የቆመ መኪና ለአንድ ሳምንት የዘገየ ዘር ማለት ነው። ዘግይቶ የተዘራ ሰብል ደግሞ ዝናቡ ቀድሞት ሲወጣ ፍሬው ሳይሞላ እንደሚቀር እኛ የሰብል ባለሙያዎች ደጋግመን የምናየው ጉዳይ ነው።

የእሳት ጊዜው የተዛባ ሞተር በአንድ ቀን አይቆምም። መጀመሪያ ቤንዚን ያበዛል፤ ቀጥሎ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ከዚያም ይሞቃል። በመጨረሻ ቫልቮላው ይቃጠላል ወይም ፒስተኑ ይበሳል። የመጀመሪያው ምልክት ሲታይ የግማሽ ሰዓት ሥራ ብቻ ይበቃው የነበረው ሞተር፣ ሲዘነጋ ሙሉ እድሳት ይጠይቃል። ወጪውም ከማኅበሩ አባላት ኪስ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን፣ ለምን በዚያ መንገድ እንደሚከናወንና መቼ ለመካኒክ መተው እንደሚገባ በቀላል አገላለጽ ማስረዳት ነው።

1. ጽሑፉ የሚመለከታቸው ሞተሮች

ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር የሚያገለግለው በዲስትሪቢዩተር ለሚሠሩና ካርቡራተር ላላቸው የቤንዚን ሞተሮች ነው። ለምሳሌ ያህል የያዝነው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 2ኤፍ ሞተር ነው። ይህ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ሞተር ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ አሠራሩ ግልጽ ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል።

የሚከተሉትን ግን አይመለከትም፦

ሀ) በናፍጣ የሚሠሩ መኪናዎችንና ትራክተሮችን። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ በካንዴላ ገመድ የሚሠራ መብራት አያገለግለውም።

ለ) የእሳት ጊዜያቸው በኮምፒዩተር የሚወሰን አዳዲስ የቤንዚን መኪናዎችን። በእነዚህ ላይ ዲስትሪቢዩተር ቢኖር እንኳ፣ ኮምፒዩተሩ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ወደ መነሻው ሁኔታ ሳይመለስ የሚገኘው ንባብ ያሳስታል። ብዙዎቹም ከነጭራሹ በእጅ የሚስተካከል ነገር የላቸውም።

2. የእሳት ጊዜ ምን ማለት ነው?

ፒስተኑ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን እያመቀ ወደ ላይ ይወጣል። ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ ድብልቁ ይቀጣጠላል፤ የተፈጠረውም ግፊት ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ድብልቁ ግን በቅጽበት ነዶ አያልቅም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ እስከ ዳር ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ብልጭታው የሚሰጠው ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ይህ ቅድሚያ የሚለካው በሞተሩ ዘንግ ዙር ዲግሪ ነው። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። ለማስረጃ ያህል ድብልቁ ለመንደድ 2 ሺኛ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 10 ዙር፣ ማለትም 3,600 ዲግሪ ይዞራል፤ በ2 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ 7.2 ዲግሪ ይሄዳል ማለት ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር ግን በዚያው 2 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ 36 ዲግሪ ይሄዳል። በእርግጥ ሞተሩ ሲፈጥን ድብልቁ ይበልጥ ስለሚናጥ የመንደጃው ጊዜ ያጥራል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ቅድሚያ ስሌቱ የሚያሳየውን ያህል አያድግም። ቢሆንም ፍጥነት ሲጨምር ቅድሚያው መጨመር እንዳለበት ከዚህ ግልጽ ነው። ይህንን የሚሠሩት በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት በዙር ኃይል የሚከፈቱ ክብደቶችና ከጎኑ ያለው በአየር መሳብ የሚሠራ ሽፋን (ቫኩም) ናቸው። በእጅ የምናስተካክለው ግን ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ያለውን መነሻ ብቻ ነው።

የዘር ወቅትን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቀድሞ የተዘራም ዘግይቶ የተዘራም ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ጉዳታቸው ግን የተለያየ ነው።

እሳቱ ሲዘገይ የሚታዩ ምልክቶች፦ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ቤንዚን ያበዛል፤ ይሞቃል፤ በማርሚታው በኩል አልፎ አልፎ ይተኩሳል። እሳቱ ወደ ውጭ እየነደደ ስለሚወጣ የጭስ ማውጫ ቫልቮላዎች ይቃጠላሉ።

እሳቱ ሲቀድም የሚታዩ ምልክቶች፦ በሞተሪኖ ሲነሣ ወደ ኋላ ይመታል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ እንደ ብረት ቅጭልጭል ድምፅ እያሰማ ያንኳኳል፤ ይሞቃል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይበላሻል፤ ፒስተኑም ሊበሳ ይችላል።

ከሁለቱ አደገኛው መቅደሙ ነው። ጉዳቱ በአንድ ረጅም ዳገት ላይ ሊደርስ ይችላልና።

3. የታይሚንግ መብራት እንዴት ይሠራል?

መብራቱ በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ ይታሠራል። በገመዱ ውስጥ ብልጭታ ባለፈ ቁጥር መብራቱ ለእጅግ አጭር ጊዜ ቦግ ይላል። አንድ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚተኩስ፣ ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር ሲሄድ መብራቱ በደቂቃ 300 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ ይበራል። በበራ ቁጥር የሚያሳየው ቮላኖውን ወይም ፑሌጃውን በዚያው ቦታ ስለሆነ፣ የሚሽከረከረው ምልክት የቆመ መስሎ ይታያል። የቆመው ከጠቋሚው ፊት ከሆነ ብልጭታው በሰዓቱ ነው፤ ካልሆነም ስንት ዲግሪ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ይታወቃል።

4. የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ሀ) የታይሚንግ መብራት፣ ባለ 12 ቮልት፤
ለ) የዙር መቁጠሪያ፤
ሐ) የዲስትሪቢዩተሩን ማጥበቂያ የሚፈታ ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ፤
መ) የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፤
ሠ) ነጭ ጠመኔ ወይም ቀለም፣ ጨርቅ፤
ረ) የመኪናው የጥገና መጽሐፍ።

መጽሐፉ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ በሞተር ክፍሉ ሽፋን ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ልኩ ተጽፎ ይገኛል። የአንዱን መኪና ልክ በሌላው ላይ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም።

5. ጥንቃቄ

ሀ) የቆመ መስሎ የሚታየው ክፍል በእርግጥ እየዞረ ነው። የመብራቱ ብርሃን ዓይንን ስለሚያታልል እጅን ወደ ፑሌጃ፣ ወደ ችንጋና ወደ ማራገቢያ ማስጠጋት ጣት ያስቆርጣል።

ለ) ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻሽ፣ የአንገት ልብስ፣ ረጅም እጅጌና ያልታሠረ ጸጉር ይዞ ወደሚሠራ ሞተር መጠጋት ክልክል ነው። ሥራውን ለማየት የሚሰበሰቡ ሕፃናትም ይራቁ።

ሐ) መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፤ ከጎማው ሥር ታኮ ይደረግ።

መ) ጭሱ ይገድላል። ሞተሩ በተዘጋ ጋራዥ ወይም መጋዘን ውስጥ አይነሣ።

ሠ) የመብራቱን ገመዶች ማሠርና መፍታት ሞተሩ ጠፍቶ ብቻ ነው። ባትሪና ቤንዚን ባሉበት ሲጋራ አይጨስም።

6. ቅድመ ዝግጅት

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ሌላውን ሳያዩ በቀጥታ ዲስትሪቢዩተሩን ማዞር ነው። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው መሆን አለበት።

በመጀመሪያ ካንዴላዎቹና ገመዶቹ ይታዩ። የተሰነጠቀ ገመድ ይለወጥ። በ2ኤፍ ሞተር ላይ የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊሜትር ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ኮንታክት ፖይንት ይታይ። የተቃጠለ ወይም ጉድጓድ ያወጣ ከሆነ ከኮንዴንሰሩ ጋር ይለወጥ። ክፍተቱ በ2ኤፍ ሞተር ላይ 0.45 ሚሊሜትር ነው። ይህ ከእሳት ጊዜው በፊት መስተካከሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍተቱ ሲሰፋ ኮንታክቱ ቀድሞ ስለሚከፈት እሳቱ ይቀድማል፤ ሲጠብ ደግሞ ይዘገያል። ኮንታክቱን የሚነካው የፋይበር ክፍል በአገልግሎት ብዛት ስለሚያልቅ ክፍተቱ በራሱ ይጠብባል። መኪናው በየጊዜው ጉልበት የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእሳት ጊዜው ከተስተካከለ በኋላ ክፍተቱን የነካ ሰው የሠራውን ሁሉ አፍርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የኦክቴን ማስተካከያ ያላቸው ዲስትሪቢዩተሮች ማስተካከያቸው በመካከለኛው መስመር ላይ ይሁን።

አራተኛ፣ ምልክቱ ይጽዳ። በ2ኤፍ ሞተር ላይ ምልክቱ የሚገኘው ከፊት ሳይሆን ከሞተሩ ኋላ፣ በቮላኖው ሽፋን ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ውስጥ ነው። በቮላኖው ላይ አንድ መስመርና አንድ ትንሽ የብረት ኳስ አለ። መስመሩ የፒስተኑን የላይኛው ጫፍ፣ ኳሱ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለውን 7 ዲግሪ ያመለክታል። ሁለቱን አለመለየት የ7 ዲግሪ ስሕተት ያስከትላል። ስለዚህ ኳሱና ጠቋሚው በጨርቅ ተጠርገው በነጭ ቀለም ይነኩ።

አምስተኛ፣ ሞተሩ እስከ ተለመደው የሥራ ሙቀቱ ድረስ ይሙቅ፤ ቾኩም ሙሉ በሙሉ ይመለስ።

7. የሥራው ቅደም ተከተል

1) ሞተሩን ማጥፋት። የመብራቱን ቀይ መያዣ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቭ፣ ሦስተኛውን መያዣ ከአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ጋር ማሠር። በ2ኤፍ ሞተር ላይ አንደኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው።

2) የመብራቱ ገመዶች ከማራገቢያው፣ ከችንጋውና ከጋለው የጭስ ማውጫ መራቃቸውን ማረጋገጥ።

3) መጽሐፉ የሚያዝ ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩን የቫኩም ቱቦ ነቅሎ ጫፉን መድፈን። ሳይደፈን ቢቀር ሞተሩ በዚያ በኩል አየር ስለሚስብ ሚኒሞው ይዛባል።

4) ሞተሩን ማስነሣትና ሚኒሞውን ወደ ልኩ ማምጣት። ለ2ኤፍ ሞተር በደቂቃ 650 ዙር ነው። ሚኒሞው ከዚህ ከፍ ካለ ክብደቶቹ መከፈት ስለሚጀምሩ ንባቡ መነሻውን ሳይሆን የተጨመረውን ያሳያል።

5) መብራቱን በቀጥታ ወደ ምልክቱ መስኮት ማብራት። በሰያፍ የተመለከተ ሰው አንድና ሁለት ዲግሪ ይሳሳታል።

6) ኳሱ ከጠቋሚው ፊት ከሆነ ሥራው አልቋል፤ ምንም አይነካ። ኳሱ በዙሩ አቅጣጫ ጠቋሚውን አልፎ ከታየ እሳቱ ዘግይቷል። ገና ወደ ጠቋሚው ሳይደርስ ከታየ እሳቱ ቀድሟል።

7) የዲስትሪቢዩተሩን ማጥበቂያ ቡሎን በእጅ ለማዞር እስኪቻል ድረስ ብቻ ማላላት። የዲስትሪቢዩተሩን አካል ከሮተሩ ዙር በተቃራኒ ማዞር እሳቱን ያስቀድማል፤ ወደ ሮተሩ ዙር አቅጣጫ ማዞር ያዘገየዋል። የሮተሩን አቅጣጫ ለማወቅ፣ ከሥራው በፊት ክዳኑን ከፍቶ ሞተሪኖውን ለቅጽበት እያስነሡ መመልከት ይበቃል። አዟዟሩ የፀጉር ያህል መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ዲስትሪቢዩተሩ በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር፣ የእርሱ 1 ዲግሪ በቮላኖው ላይ 2 ዲግሪ ነው።

8) ኳሱ ከጠቋሚው ፊት ሲቆም ቡሎኑን ማጥበቅ። ሲጠብቅ ዲስትሪቢዩተሩ ሊንሸራተት ስለሚችል እንደገና በመብራቱ ማየት ግዴታ ነው። ሚኒሞውም ተለውጦ እንደሆነ አስተካክሎ ንባቡን መድገም ያስፈልጋል።

9) አሁን ቤንዚን ቀስ እያሉ በመስጠት ምልክቱን መመልከት። ፍጥነቱ ሲጨምር ምልክቱ ያለ ዝላይ ወደ መቅደም መሄድ፣ ሲቀንስም ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

10) ሞተሩን አጥፍቶ መብራቱን መፍታት፣ የቫኩም ቱቦውን መመለስ፣ ከዚያም ጭነት ይዞ በዳገት ላይ መሞከር።

8. ምልክቱ የሚናገረው ሌላ ነገር

ምልክቱ በአንድ ቦታ ሳይረጋ የሚዘል ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ቡሺንግ አልቋል፤ ወይም ኮንታክቱ ላልቷል። ይህን በማዞር ማስተካከል አይቻልም።

ቤንዚን ሲሰጥ ምልክቱ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ክብደቶቹ ዝገው ወይም ቆሻሻ ይዟቸው ተጣብቀዋል። ተጠርገው ጥቂት ዘይት ሊሰጣቸው ይገባል።

ቤንዚን ሲቀነስ ምልክቱ ወደ ቦታው የማይመለስ ከሆነ የክብደቶቹ ስፕሪንግ ተስቧል ወይም ተሰብሯል።

የቫኩም ቱቦው ተነቅሎ ጫፉ በአፍ ሲሳብ የማይቋቋም ከሆነ የውስጡ ሽፋን ተቀዷል። እንዲህ ያለ መኪና ይሄዳል፤ ነገር ግን በቀላል ጭነት ላይ ቤንዚን በከንቱ ያባክናል።

9. የታይሚንግ መብራት በሌለበት ቦታ

ኮንታክት ፖይንት ባለው ሞተር ላይ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ሁለት ገመድ ተቀጥሎበት ይበቃል። ሞተሩ ሳይነሣ የሚሠራ ስለሆነም ከማራገቢያው አደጋ የራቀ ነው።

የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይከፈት። ሞተሩ በእጅ፣ በራሱ የዙር አቅጣጫ፣ ኳሱ ከጠቋሚው ፊት እስኪደርስ ይዙር። በዚህ ጊዜ ሮተሩ ወደ አንደኛው ሲሊንደር ገመድ ማመልከት አለበት፤ ካላመለከተ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመር። የአምፖሉ አንድ ገመድ ቦቢናውን ከዲስትሪቢዩተሩ ከሚያገናኘው ጫፍ ጋር፣ ሌላው ከሞተሩ አካል ጋር ይታሠር። የመኪናው ቁልፍ ይከፈት። ቡሎኑ ከላላ በኋላ ዲስትሪቢዩተሩ መጀመሪያ አምፖሉ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ሮተሩ ዙር አቅጣጫ፣ ቀጥሎም አምፖሉ እስኪበራ ድረስ በጣም በቀስታ በተቃራኒው ይዙር። አምፖሉ ልክ በበራበት ቦታ ላይ ቡሎኑ ይጥበቅ። ኮንታክቱ የሚከፈተው፣ ብልጭታውም የሚሰጠው በዚያ ቦታ ነውና። ቁልፉ ተከፍቶ ረጅም ጊዜ ከቆየ ቦቢናው ስለሚግል ቶሎ ይዘጋ።

ይህ ዘዴ መነሻውን በሚገባ ያስተካክላል። የክብደቶቹን አሠራር ግን አያሳይም።

10. ደጋና ቆላ

በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ድብልቅ ያነሰ ይሆናል፤ ቀስ ብሎም ይነዳል፤ የማንኳኳት ዝንባሌውም ይቀንሳል። ስለዚህ ዘወትር በደጋ ብቻ የሚሠራ መኪና ከመጽሐፉ ልክ በላይ 2 ዲግሪ ያህል ቢቀድምለት ይሻለዋል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለደብረ ብርሃን ብርድ የተስተካከለ መኪና ጭነት ይዞ ወደ አዋሽ ሸለቆ ቢወርድ፣ በቆላው ወፍራም አየርና ሙቀት ውስጥ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። በሁለቱም አካባቢ የሚመላለስ መኪና በመጽሐፉ ልክ ላይ እንዲቆይ እንመክራለን። በደጋ የሚጠፋው ጥቂት ጉልበት በቆላ ከሚበሳው ፒስተን ይሻላል።

ከዚህም ጋር የቤንዚኑ ጥራት ይታሰብ። ከላምባ ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ኦክቴኑ ስለሚወርድ በትክክለኛው የእሳት ጊዜም ያንኳኳል። መኪናው አዲስ ቤንዚን ከተቀዳለት በኋላ በድንገት ማንኳኳት ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲስትሪቢዩተሩ ሳይሆን ቤንዚኑ ነው።

11. ስለ ትንንሽ የውኃ ፓምፖች

በመስኖ ማኅበራት እጅ የሚገኙት በገመድ የሚነሡ ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ዲስትሪቢዩተር የላቸውም። የእሳት ጊዜያቸው የሚወሰነው በቮላኖው ላይ ባለው ማግኔት ሲሆን፣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር በትክክለኛው ቦታ የሚይዘው አንድ ትንሽ የብረት ማስያዣ ነው። ፓምፑ በድንገት ታንቆ ሲቆም ወይም የቮላኖው ብሎን ሲላላ ይህ ማስያዣ ሊቆረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ብልጭታ እያለ፣ ቤንዚንም እያለ ሞተሩ አይነሣም፤ ወይም ገመዱን ከእጅ መንጭቆ ወደ ኋላ ይመታል። መፍትሔው ቮላኖውን አውጥቶ ማስያዣውን በትክክለኛው ዓይነት መለወጥ ነው። በሚስማር ወይም በጠንካራ ብረት መተካት አይገባም፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበረው ዘንጉ ይሆናልና። ቲማቲም ወይም ሽንኩርት አበባ በያዘበት ሳምንት ውኃ እንዳይቋረጥ፣ ማኅበሩ አንድ ተጨማሪ ማስያዣ ከፓምፑ ጋር ቢያስቀምጥ ወጪው ኢምንት ነው።

12. ለማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች ማሳሰቢያ

ሀ) ኮንታክት ፖይንት ያላቸው መኪናዎች በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በተለይም ከዘር ወቅት በፊት በግንቦት፣ ከምርት ማጓጓዣ በፊትም በጥቅምት ይፈተሹ።

ለ) ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ካርድ ይዘጋጅ። በካርዱም ላይ ቀኑ፣ የተሄደው ኪሎ ሜትር፣ የኮንታክቱ ክፍተት፣ ሚኒሞው፣ ከማስተካከሉ በፊት የተገኘው ዲግሪ፣ ከዚያ በኋላ የቆመበት ዲግሪና የሠራው ሰው ስም ይጻፍ። ንባቡ ከካርድ ወደ ካርድ ቢዘገይ ኮንታክቱ እያለቀ መሆኑ ይታወቃል፤ መካኒክ በተለወጠ ቁጥርም ሥራው ከሀ አይጀመርም።

ሐ) አንድ የታይሚንግ መብራት ለብዙ መኪናዎች ስለሚበቃ አጎራባች ማኅበራት በጋራ ገዝተው በአንድ ኃላፊ እጅ ቢያስቀምጡት ይበጃል።

መ) ዲስትሪቢዩተሩ ከመነካቱ በፊት በአካሉና በሞተሩ ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በጠመኔ ወይም በቀለም ይሠመር። ሥራው ቢበላሽ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይረዳል።

ሠ) እንደ መመሪያው ተሠርቶ ሞተሩ አሁንም ቢያንኳኳ ወይም ቢሞቅ ጉዞ አይጀመር። ችግሩ ሌላ ስለሆነ መካኒክ ይየው።

የልማት ሠራተኞች ይህን ትምህርት ለማኅበር ሾፌሮች ሲሰጡ ከንግግር ይልቅ በአንድ መኪና ላይ በተግባር እንዲያሳዩ፣ እያንዳንዱም ሾፌር መብራቱን በገዛ እጁ ይዞ ምልክቱን እንዲያይ እንዲያደርጉ አደራ እንላለን። ምልክቱ ቆሞ ሲታየው ያየ ሰው የተነገረውን በቀላሉ አይረሳም።